በቃሌ የማውቃት አውሮፕላን

ሰኞ 3

ዝናቡ ገባ። የሃንጋሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል የምንነጋገረው በጩኸት ነው። አለቃችን አይቸገርም፤ እሱ በበጋም ይጮኻል።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊዋ ጃንጥላ ይዛ እስከ ሥራ ቦታዬ መጣች። በወንበር ኪስ ውስጥ ለሚቀመጠው መጽሔት ስለ እትዬ ሁለት ገጽ እንድጽፍላት ትፈልጋለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ ሲባል ሰማሁ» አለችኝ። አነጋገሯ ክስ ይመስላል።

«አልፎ አልፎ» አልኩ።

«ብቻ ‹የብረቷ ወፍ› የሚለው ነገር ይግባበት።»

ወፍ የምትጥለው እንቁላል ነው፣ እትዬ አንዳንዴ የምትጥለው ዘይት ነው አልኳት። ጻፈችው መሰለኝ።

እትዬ ማለት ከዘጠኙ አውሮፕላኖቻችን ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። መሐሏ ላይ አንድ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ወንበር፣ በጠቅላላው መቶ ሃምሳ አራት ሰው ትይዛለች። ጅራቷ ላይ የተጻፈ ቁጥር አላት፣ ማንም ግን በሱ አይጠራትም። ሃንጋር ውስጥ አንቱ ነው የምንላት። አምና አንድ ከሰዓት ከቤት ሆኜ ስልክ ላይ «እትዬ አረፉ?» ብዬ ስጠይቅ ባለቤቴ ሰምታ ነጠላዋን ፍለጋ ተነሣች። ማረፊያ ሜዳ ላይ ነው ብዬ እስካስረዳ ድረስ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። እዚህ ደብተር ላይ ግን ሁለታችን ብቻ ስለሆንን አንቺ እላታለሁ።

በሚመጣው ወር መግቢያ ላይ ትልቁ ምርመራ አለባት። ከዚያ በኋላ ወይ ሌላ ሦስት ዓመት ትበራለች፣ ወይ ተቆራርጣ ለመለዋወጫ ትሸጣለች። ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ለሁለት ተከፍለዋል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። የሚያስጨንቀኝ እሱ ብቻ ነው።

የሃንጋሩ መብራት ዘንድሮ ደከም ብሏል። ለአለቃችን ነገርኩት።

ማክሰኞ 4

አራት በረራ። የግራ ሞተር ዘይት ተጨመረ። የአሥራ አራተኛው ረድፍ ቀበቶ ተቀየረ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ መብራቱን ለክተው ደህና ነው አሉ። የሚለኩበትን መሣሪያ ማን እንደሚለካው ጠየቅኩ።

ዓርብ 7

ዛሬ ጽሑፉን ጀመርኩ።

«የዚች አውሮፕላን ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም። በመነሣትና በማረፍ ነው። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ሆዷ በአየር ይነፋል፣ በወረደች ቁጥር ይተነፍሳል፤ አርባ አንድ ሺህ ጊዜ እንዲህ ሆናለች። አርባ አንድ ሺህ ጊዜ ተንፍሶ ፊቱ ያልተጨማደደ ሰው ካለ ይምጣ።»

ባለቤቴ አነበበችልኝ። ድምፅዋን ስለምወደው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምራለች፣ ነጥብ ላይ እንዴት እንደሚቆም ታውቃለች። ድሮ እኔ ነበርኩ የማነብላት። ወረፋ ተለዋወጥን።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን ፊቱ ስለተጨማደደ ሰው ማን ጠየቀህ?»

ሌላ አንቀጽ ጨመርኩ፦ «ያረጀ አውሮፕላን አያስፈራም። የሚያስፈራው ያልተጻፈ ጉድለት ያለበት ነው። የእትዬ ጉድለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ተጽፏል፦ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተደረገ፣ ማን ማኅተሙን እንደመታ። ከእሷ ይልቅ እኔ የማላውቀው አዲሱን ነው።»

‹ያልተጻፈ ጉድለት› የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ደስ አለችኝ። ደግማ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት።

ማክሰኞ 11

የሚገርም ነገር። የሥራ ካርዶቻችን ፊደል ሰው የሚያነበው ሆኖ መጣ። ለስንት ጊዜ ስናገር የኖርኩት ነገር ነው። አብራኝ የምትሠራው ቴክኒሻን «ማተሚያው ተበላሽቶ ነው፣ ትልቅ ትልቁን ነው የሚያወጣው» አለችኝ። እንዳይጠግኑት ጸሎት ይዣለሁ።

ይቺ ልጅ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በእኔ ሥር ከሆነች ስድስት ዓመት አልፏታል። ቁጥቧ እንላታለን፤ ቃል ስለምትቆጥብ ነው። ጎማ፣ መሪና ሞተር የነካ ሥራ ሁሉ በሁለት ሰው ነው የሚያልፈው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ካርዱን ይዞ ከመጀመሪያው ይመረምራል፣ ከዚያ ሁለቱም ማኅተማቸውን ይመታሉ። አብዛኛውን ጊዜ እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ትመረምራለች። የእኔ ማኅተም ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። የማኅተሙ ጎማ ከመበላቱ የተነሣ አሥራ ሁለቱ ስምንት መምሰል ጀምሯል ይላሉ። እኔ ደህና ነው የሚታየኝ።

ሐሙስ 13

ባለቤቴ ከልጃችን ጋር በስልክ ስታወራ፦

«አባትሽማ ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ይዞ ሩብ ሰዓት ተቀመጠ… የለም፣ አልነገርኩትም… ገጽ ሲገልጥማ አየሁት እኮ!»

በዚያ በኩል ሆኖ ሥዕሉ የተለየ ነገር ነበረው።

እሑድ 16

ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ዓመታዊው የጤና ምርመራ አለ። የእኔ ተራ ሐሙስ 27 ነው። ጆሮ፣ ደም ግፊት፣ ዓይን።

ዓይን አያሳስበኝም። ሰሌዳው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይለወጥ ተሰቅሏል፤ ሰባት መስመር ነው፤ ማንበብ የሚወድ ሰው አንድ ጽሑፍ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ካየ በቃሉ ቢይዘው ጥፋት አይደለም። አምናም ነርሷ ገና ሳትጠቁመኝ ሁለት መስመር ቀድሜያት ነበር። «ጎበዝ» አለችኝ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ልሰርዘው አስቤ እስክሪብቶው የቱ ጋ እንደጀመረ ጠፋኝ።

ረቡዕ 19

አጭር ነው፣ ደክሞኛል።

እትዬ ለቀኑ ስምንት ሰዓት በረራዋ አርባ ደቂቃ ሲቀራት በግራ በኩል የውጭው ጎማ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ያገኘሁት በእጄ ዳብሼ ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ክሪኩን አስገባን፣ አሮጌውን አወጣን፣ አዲሱን ጫንን። ትልቁን ዳዶ ማጥበቅ ቀረ።

«ካርዱን ላንብበው?» አለች ቁጥቧ። ካርዱ በላስቲክ ውስጥ ሆኖ ውኃ ተንጠባጥቦበት ነበር።

«ካርድ ምን ያደርግልሻል? መቶ ሃምሳ ነው። እኔ እኮ አንቺ አንደኛ ደረጃ ሳለሽ ነው ለእትዬ ጎማ ማሰር የጀመርኩት!»

የማጥበቂያ ኃይል የሚለካውን መፍቻ መቶ ሃምሳ ላይ አድርጌ አጠበቅኩ፣ ጠቅ አለ፣ ማኅተሜን መታሁ። ቁጥሩን አንቺ ሙዪው አልኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎ መዝገቡን ይዘው አብራሪው ጋ ይግቡ። ከዝናቡ ይውጡ። ምርመራውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ወጣሁ። ዋና አብራሪው ሰዓቱን እያየ «እትዬ ዛሬ ምን ሆኑ?» አለኝ። «ጫማ እየቀየሩ ነው» አልኩት። በመስኮቱ ወደ ታች ሳይ ቁጥቧ ዝናብ ውስጥ ተንበርክካ መፍቻውን ይዛ ቆየች። ለምርመራ ረጅም ነው። ጥንቁቅ ናት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በሰዓቷ ተነሣች። ሞልታ ነበር።

ቅዳሜ 22

መዝገብ ቤት ሄድኩ፤ እትዬ እስከ ዛሬ ስንት ጎማ እንደጨረሰች ለጽሑፉ ልቆጥር ፈልጌ ነው። መዝገብ ያዡ እኩያዬ ነው። በር ላይ ተቀምጦ የሚያገኘውን ሁሉ ያጫውታል።

«ማተሚያችሁን እንዳትጠግኑት አደራ» አልኩት።

«የቱን ማተሚያ?»

«ትልቅ ፊደል የሚያወጣውን።»

«ማተሚያውማ ደህና ነው። ያንተን ለብቻ የምታተልቀው ቁጥቧ ናት። ጠዋት ጠዋት ቀድማ ትመጣለች። ‹ተበላሽቶ ነው ብለህ ንገረው› ብላኝ…» አፉን በእጁ ያዘ። «እንዳትነግራት እንግዲህ።»

ሳቅኩ። የሳቅኩ መሰለኝ።

ከዚያ የረቡዑን ካርድ አወጣልኝ። አጉሊ መነጽሩን ተዋስኩት፤ ይህኛው የመዝገብ ቅጂ ነው፣ በትንሹ ፊደል የታተመው። የመጨረሻው ማጥበቂያ፦ ሁለት መቶ። ከጎኑ በቁጥቧ እጅ ጽሑፍ፦ ሁለት መቶ። ከሥሩ ትንሽ ማስታወሻ፦ አዲሱ ኩሽኔታ በመግባቱ ከሰባት ወር በፊት ተለውጧል።

ሦስት ጊዜ አየሁት። ለውጡን የሚናገረው ደብዳቤ ያኔ ደርሶኝ ፈርሜበታለሁ፤ ፊርማዬም እዚያው መዝገብ ቤት አለ። ያልተነበበ ነገር ላይ የፈረመ እጅ የእኔ ነው።

ዳዶው ከላላ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይወዛወዛል። ከተወዛወዘ ይግላል። የጋለ ኩሽኔታ ጎማን ምን እንደሚያደርገው ለአዳዲሶቹ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሥዕል አለኝ፣ ጎማው ከእግሩ ተነቅሎ የወጣበት።

መቶ ሃምሳ አራት ወንበር።

ጎማዎቹን ሳልቆጥር ወጣሁ።

ሰኞ 24

ቁጥቧን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ የግራሶ በርሜሎቹ ጋ አገኘኋት። እዚያ ቆርቆሮው አጭር ነው፣ ሰው ሳይጮኽ ይሰማማል።

«ረቡዕ ዕለት ስንት ላይ ነው ያጠበቅሽው?»

ቶሎ ገባት። «ሁለት መቶ።»

«እኔ መቶ ሃምሳ ነው ያልኩት።»

«አዎ።»

«ስንተኛ ጊዜ ነው?»

ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። «ሦስተኛ።»

ሦስተኛ። ሁለቱን ነገረችኝ፤ አንዱ የጭነት በር መቆለፊያ፣ አንዱ የዘይት ክዳን። አላስታውሳቸውም። በደህና የሠራሁበት ቀን ነው ብዬ ወደ ቤት የሄድኩባቸው ቀኖች ናቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንት ጊዜ ካርዱን ላንብብ አልኩዎት ጋሼ?»

«ማንበብ ሌላ፣ መናገር ሌላ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች። ከተዋወቅን ጀምሮ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። «ልክሰስዎት? አባቴ ሲሞት ሳምንት ሙሉ የእኔን ፈረቃ የሠራ ሰው ልክሰስ? የዓይን ሐኪም ጋ ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዛሬ ይሄዳሉ፣ ነገ ይሄዳሉ… ፊደሉን ሳተልቅልዎት እንኳን ይገባዎታል ብዬ ነበር። እርስዎ እኮ ተደሰቱ!»

እውነቷን ነው። ተደስቼ ነበር።

«አንድ ቀን ጉንፋን ይዞሽ ብትቀሪስ?» አልኳት።

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር። መጣሁ።»

አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት፤ ያስተማርኩሽ መሸፈን አይደለም፣ መጻፍ ነው አልኳት። ትከሻዬን ቀና አድርጌ ነው የተናገርኩት። ስድስት ወር መብራት ሲከስ የከረመ ሰው ነው ይህን የተናገረው።

«ሐሙስ የዓይን ምርመራ አለብኝ» አልኩ።

«ያልፋሉ እኮ» አለች በቀስታ። «እንደ አምናው።»

እሱንም ታውቃለች።

ሐሙስ 27

ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ፤ ነርሷ ዘንጓን አነሣች። አፌ ላይ ሰባቱም መስመሮች ተደርድረው መጥተዋል።

«ሌላ ሰሌዳ አለሽ?» አልኳት።

«ምን ሆነ ይኼኛው?»

«ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሌላ አውጥታ አቧራውን ጠረገችና ሰቀለችው።

«እዚያ ላይ ምን አለ?»

«ነጭ ነገር።»

«ነጩ ላይስ?»

«እሱን ነው የምጠይቅሽ።»

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። ሁለቱም ላይ፣ ቀኙ የባሰ። በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ብዙ ሰው ደህና ያያል አለኝ። «መቼ ነው የጀመረህ?» ሲለኝ ስለ ሃንጋሩ መብራት ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ አለቃችን ጋ ገባሁ። አንድ ቀን ነው የተቀጠርነው፤ እሱ ፎቅ ወጣ፣ እኔ ክንፍ ሥር ቀረሁ። ሁሉንም ነገርኩት። በሩን ዘጋው።

«አሁን? ትልቁ ምርመራ ሳምንት ሲቀረው? አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? የስድስት ወር ሥራህ በሙሉ እንደገና ይታያል ማለት እኮ ነው። እትዬ ዛሬውኑ ይቆማሉ። ፎቅ ላይ ያሉት ምክንያት እየፈለጉ ነው፤ በገዛ እጅህ ትሰጣቸዋለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አሥር ቀን እረፍት ውሰድ። ዓይንህን ታከም። እትዬ ይለፉ፣ ከዚያ ትነግረኛለህ። ልጅቷ አርማዋለች አልክ፤ ምን ጎደለ?»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። እዚህ ላይ ልዋሽ አልፈልግም፤ ወንበሩ ላይ ሆኜ ለደቂቃ ያህል ወደድኩት። ከዚያ በባለቤቴ ድምፅ ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣችብኝ፤ የሚያስፈራው ያልተጻፈ ጉድለት ያለበት ነው፣ ነጥብ። እኔው ነኝ የጻፍኳት፤ ያውም ደግማ እንድታነብልኝ ጠይቄ።

«ወረቀት ስጠኝ» አልኩት።

ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ስለጠፋኝ በማውቀው መልክ ጻፍኩ፦

ጉድለት፦ የማኅተም ቁጥር 12 ባለቤት ካርድ ማንበብ አይችልም። ቢያንስ ለስድስት ወር ደብቋል።
የተገኘበት መንገድ፦ በሁለተኛ ሰው ምርመራ።
የተወሰደ እርምጃ፦ ማኅተሙ ተመልሷል። ሥራው በሙሉ እንደገና ይታይ።

ማኅተሙን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አለቃችን ገለበጠና አየው።

«ስምንት ነው እንዴ የሚለው?» አለ።

ሐሙስ 4

እትዬ ከቆመች ሳምንት ሆናት። ሆዷን ከፍተው ስልሳ አንድ ሥራዬን አንድ በአንድ እያዩ ነው። እኔ መዝገብ ቤት ተመድቤያለሁ፤ መዝገብ ያዡ ምሥጢር ስላወጣ ይቅርታ ጠይቆኝ ሲያበቃ በዚያው ቀን ሦስት ሌሎች ምሥጢሮች ነገረኝ።

ቁጥቧ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ልታስታውቅ ይገባ ነበር ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ለመከራከር ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ አገኘችኝ።

«ይተውት ጋሼ፣ ልክ ናቸው። ፈርሜያለሁ።» ትንሽ ቆይታ «አንብቤ ነው የፈረምኩት» አለች።

ይቺ ልጅ ቃል የምትቆጥበው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

እሑድ 14

የምመዘግበው በረራ የለኝም፣ ሌላ ወሬም የለኝም። ባለቤቴ የዓይን ጠብታዬን ሰዓት ጠብቃ ታደርግልኛለች።

«ቀና በል። አትጨፍን። አሁን እስቲ በምን ታመካኛለህ?»

«በአንቺ።»

«ጋዜጣም ስትዘቀዝቅ በእኔ ነበር የምታመካኘው?»

ታውቅ እንደነበር አሁን ገባኝ። ልጄም ታውቃለች። ነርሷም ሳትጠረጥር አልቀረችም። ዓይኔ አለማየቱን ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ስንት ዓመት ነው ላነብልህ የተቀመጥኩት? የነገርኩህ መስሎኝ ነበር።»

ጽሑፉን ላክሁ። ኃላፊዋ ደወለች፤ ውብ ነው፣ ግን የብረቷ ወፍ የት አለች? ሃንጋር ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ ተኝታለች አልኳት።

ማክሰኞ 23

አለቃችን ራሱ መዝገብ ቤት ድረስ ወረደ። ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ፣ እሱ ግን አልጮኸም።

ከስልሳ አንዱ ሃምሳ ስምንቱ እንደ ካርዱ ተገኘ። ሦስቱ ቁጥቧ ያረመቻቸው ናቸው፣ እነሱም ልክ ናቸው። እትዬ ተከፍታ ስለቆየች ትልቁን ምርመራ እዚያው ቀጠሉበት፤ ሁለት የዛገ ቦታ፣ አንድ የተሰነጠቀ ማሰሪያ ተገኘ፣ ተጻፈ፣ ተጠገነ። ፎቅ ላይ ከነበሩት አንዱ «የራሳቸውን ሰው ጥፋት እንኳን የሚጽፉ ከሆነ የአውሮፕላኗን መዝገብ አምነዋለሁ» አሉ አለኝ።

«ስለዚህ?»

«ሦስት ዓመት።» ተነሣ። «አንተ ግን ለእኔ ከአውሮፕላኑ የባሰ ሥራ አበዛህብኝ።»

መዝገቡ ላይ ጎንበስ ብዬ የሆነ ነገር የማነብ መሰልኩ። መዝገቡ መዘቅዘቁን መዝገብ ያዡ አየ፤ ሊቀጥለው የሚችለውን ቀልድ ሁሉ ዋጠው። ለሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሐሙስ 25

እትዬ ዛሬ ወጣች። ዝናቡ አቁሟል፣ ሜዳው ላይ ግን ውኃ አለ። በልዩ ፈቃድ ከቁጥቧ ጋር እስከ ግራ ጎማዋ ሄድኩ። ማኅተም የለኝም፣ መፍቻ የለኝም፤ ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ጎብኚ ቆምኩ። ቀዶ ጥገናዬ በሚመጣው ሳምንት ነው። አሁን እትዬ ለእኔ ትልቅ ነጭ ነገር ናት። የት የት እንደተጨማደደች ግን አውቃለሁ።

ጎማዋን የሚያስረው አዲስ የተመደበ ቴክኒሻን ነው፣ ከሌላ ሃንጋር የመጣ ጎልማሳ። ምርመራው የቁጥቧ ነው። ሰውዬው ዳዶው ጋ ደርሶ ስለ እኔ የሰማ ስለሆነ በአክብሮት ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት… ስንት ነበር?»

ሁለት መቶ ምላሴ ላይ ነበር። እርግጠኛም ነበርኩ፤ መቶ ሃምሳን እርግጠኛ የነበርኩትን ያህል።

«አላውቅም» አልኩት። «ካርዱን አንብቡልኝ።»

ቁጥቧ ካርዱን ከላስቲኩ አወጣች። በትልቁ ፊደል የታተመው ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ በሌለበት፣ ዝናብ በሌለበት፣ እዚያ ሜዳ መሐል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።